ውጤቱ ጥሩ ነው፤ መድኃኒቱ ግን አይቆምም
(ካንሰር ያለባቸው ልጆች ወላጆችና አስታማሚዎች በተሰበሰቡበት የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ። ወንበር ያጣችሁ ወደ ፊት ጠጋ በሉ፤ እዚህ ጋ ቦታ አለ። ልጅ የያዛችሁ ደግሞ ቢያለቅስባችሁ አትጨነቁ። የእኔ ጆሮ ለምዶታል።

ነርስ ነኝ። የሕፃናት ካንሰር ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ዶክተሩ ራውንዱን ጨርሶ ሲወጣ አስታማሚዎች እጄን ይዘው «ሲስተር፣ አሁን ምን ነበር ያለው?» ይሉኛል። ዛሬ የማወራው ለዚህ ጥያቄ ስመልስ የኖርኩትን ነው።

በተለይ ስለ አንድ ቀን ላውራ። ልጁ ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ከጀመረ አንድ ወር ገደማ ሲሞላው የአጥንት መቅኒው እንደገና ይመረመራል። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሩ ፊቱ ፈካ ይልና «ሪሚሽን ውስጥ ገብቷል» ይላል፤ በሽታው በምርመራ አይታይም ማለቱ ነው። እናት እልልታዋን ታቀልጠዋለች። አባት ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደር ይወጣና አገር ቤት ይደውላል። በማግስቱ ልጁ ድኗል ተብሎ ወደ ቤት ለመሄድ ሻንጣ መታሰር ይጀምራል።

እልልታው ይገባል። ከሻንጣው ጋር ነው ጠቤ።

ደስታችሁን ልነጥቅ አይደለም የመጣሁት። ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር ያለበት ልጅ ሪሚሽን ውስጥ ሳይገባ ወደ መዳን የሚሄድበት መንገድ የለም። በሩ ያ ነው። ግን በሩ ላይ ደርሶ መመለስ ከጀመርንበት የባሰ ነው፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ከልጆች ካንሰር ሁሉ የሚበዛው ሉኪሚያ ነው። ከሉኪሚያ ደግሞ በልጆች ላይ የሚበዛው ኤኤልኤል የሚባለው ዓይነት ነው። ደም የሚሠራው መቅኒ ውስጥ ነው። በሽታው ሲይዝ ያልበሰሉ ነጭ ሴሎች መቅኒውን ይሞሉትና ሌላው ቦታ ያጣል። ቀይ ደም ሲያንስ ልጁ ይገረጣል። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ሲያንስ በአፍንጫው ይደማል፣ ቆዳው ይበልዛል። ጤነኛው ነጭ ደም ሲያንስ ትኩሳት ይመላለስበታል። ብዙዎቻችሁ ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው ተብላችሁ ጤና ጣቢያ ለጤና ጣቢያ ስትዞሩ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

በሽታው በሚታወቅበት ጊዜ በአንድ ልጅ ሰውነት ውስጥ ወደ 1 ትሪሊዮን የሚጠጋ የካንሰር ሴል ሊኖር ይችላል። የመጀመሪያው ወር ኬሞ ከባድ የሆነው ይህን ለመምታት ነው። ሪሚሽን የሚባለው እነዚህ ለጋ ሴሎች መቅኒው ውስጥ ከ5 በመቶ በታች ሲወርዱ፣ የደም ቁጥሮቹ ሲያገግሙና በሽታው ሌላ ቦታም ሳይታይ ሲቀር ነው። እስቲ ቁጥሩን እንየው። ከ1 ትሪሊዮኑ 99 በመቶው ሞተ እንበል። የሚቀረው ስንት ነው? 10 ቢሊዮን። ልጁ ይሮጣል፣ ይበላል፣ ይስቃል። ማይክሮስኮፑም ጥሩ ነው ይላል። 10 ቢሊዮኑ ግን እዚያው ሊሆን ይችላል።

ማታ በሻማ ምስር ለቅማችሁ ታውቃላችሁ? ጠጠር የለውም ብላችሁ ታስቀምጡታላችሁ። ጠዋት ፀሐይ ላይ ስታሰጡት ጠጠሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የማታው ሥራ ውሸት አልነበረም፤ ብርሃኑ ነው ያነሰው። ማይክሮስኮፕ ሻማው ነው። ጤነኛ መቅኒም የራሱ ጥቂት ለጋ ሴሎች ስላሉት፣ ቁጥራቸው ሲያንስ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ከዚያ የተሻለ ብርሃን ያለው ኤምአርዲ የሚባል ምርመራ አለ። ከ10,000 ሴሎች መካከል አንዷን የካንሰር ሴል ይለያል። በየሆስፒታሉ የሚገኝ ግን አይደለም። ባለበት ቦታ እንኳ ምንም አላየሁም ሲል መድኃኒቱን ለማቆም ፈቃድ መስጠቱ አይደለም።

ይህን ሕክምናው ራሱ በብዙ ልጆች ሕይወት ነው የተማረው። በ1948 እ.ኤ.አ. ቦስተን ውስጥ ሲድኒ ፋርበር የሚባል ሐኪም አሚኖፕቴሪን የተባለ መድኃኒት ለ16 ልጆች ሰጥቶ ያየውን ጻፈ። መድኃኒቱን የሠራው የሕንዱ ተወላጅ የየላፕራጋዳ ሱባራው ቡድን ነበር፤ ስሙ ብዙ ሲነሳ አልሰማም፣ ሊነሳ ግን ይገባዋል። ከ16ቱ 10ሩ ተሻላቸው። ሊሞቱ ተቃርበው የነበሩ ልጆች ተነስተው ተጫወቱ። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ዓይነት ነገር አልታየም ነበር። ከወራት በኋላ ግን በሽታው ተመለሰባቸው። ወላጆቻቸው የዚያን ጊዜ ምን እንዳሉ አስባለሁ። እነሱም ሻንጣ አስረው ይሆናል።

ከ14 ዓመት በኋላ፣ በ1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሜምፊስ ውስጥ ሴንት ጁድ የሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ተከፈተ። ያኔ ኤኤልኤል ከያዛቸው 100 ልጆች የሚተርፉት 4 ያህል ብቻ ነበሩ። ዶናልድ ፒንክልና ባልደረቦቹ መድኃኒቶቹን አንድ ላይ ሰጡ። አንጎልና የጀርባ አጥንት ፈሳሽ ውስጥ የሚደበቀውን በሽታም ማከም ጀመሩ። ዋናው ነገር ደግሞ፣ ሪሚሽን ከመጣ በኋላ ሕክምናውን ለዓመታት ቀጠሉበት። ስድሳዎቹ ሳያልቁ ግማሽ ያህሉ ልጆች መትረፍ ጀመሩ። ዛሬ በሀብታሞቹ አገሮች ከ100 ወደ 90 ደርሷል። በመድኃኒቶቹ ውስጥ አሁን እኛ የማንሰጠው ተአምር አልነበረም። ብዙዎቹ ዛሬም ዋርዳችን ውስጥ ያሉት ናቸው፤ ቪንክሪስቲን፣ ሜቶትሬክሴት፣ መርካፕቶፑሪን።

የእኛ ውጤት ከ90 ይርቃል። ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ ግን በሪሚሽን ማግስት ሕክምና ማቋረጥ ነው። የተረፈው በሽታ መድኃኒት ሳይነካው ሲቀር ይባዛል። አንዳንዴም መድኃኒቱን ለምዶት ነው የሚመለሰው። ያኔ የመጀመሪያው ኬሞ እንደ መጀመሪያው አይሠራለትም።

ዘመድ ደግሞ አለ። መቼም የዘመድ ነገር!

በመጀመሪያው ወር ልጁ ዴክሳሜታሶን ወይም ፕሬድኒሶሎን ይወስዳል። ይህ መድኃኒት የምግብ ፍላጎት ያቀጣጥላል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተነስቶ «ፍርፍር!» ብሎ የሚያለቅስ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ጉንጩ ይነፋል፣ ሆዱ ይወጣል። ጠያቂ ይመጣና «ወይኔ፣ እንዴት አምሮበታል! ድኗል እኮ!» ይላል። ያማረበት ከመድኃኒቱ ነው። ከዚያ መድኃኒቱ ሲቆም ፊቱ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያው ጠያቂ በሌላ ቀን ይመጣና «ምነው ከሳብሽ? ይሄ ሆስፒታል ገደለው!» ይላል። ልጁ የተሻለው ደግሞ በሁለተኛው ጊዜ ነው። በፊቱ መሙላትና በፊቱ መክሳት በሽታውን አትለኩ። ጠያቂውን ቡና አጠጡትና በሰላም ሸኙት።

ከሪሚሽን በኋላ ምን አለ? በሽታው እንዳይመለስ የሚያጠናክረው ከባድ ኬሞ ለተወሰኑ ወራት ይቀጥላል። ጀርባው ላይ የሚሰጠው መርፌም ይቀጥላል። ይህን መርፌ ብዙ ወላጅ «ሽባ ያደርጋል» ብሎ ይፈራዋል። መርፌው የሚገባው የአከርካሪው ዋና ነርቭ ካለቀበት ዝቅ ብሎ ነው። የሚሰጠውም በሌላ መንገድ የሚወሰደው ኬሞ በደንብ የማይደርስበት ቦታ ስላለ ነው። እምቢ ከማለታችሁ በፊት ጠይቁን። ሰው ፊት ከከበዳችሁ እኔን ለብቻዬ ጠይቁኝ።

ከዚያ ረጅሙ ክፍል ይመጣል። ቤት ሆኖ ክኒን መዋጥ። ሕክምናው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከ2 እስከ 3 ዓመት ይወስዳል፤ የሚበዛው ጊዜ ይህ ነው። መርካፕቶፑሪን በየቀኑ፣ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን። አሁን ጆሮ ስጡኝ። ብዙ ጊዜ የሁለቱም ክኒን መልኩ ወደ ቢጫ ያደላል። አንድ ፌስታል ውስጥ ይቀመጣሉ። አያት ትሰጣለች፣ ታላቅ እህት ትሰጣለች። የሳምንቱ ክኒን በየቀኑ ከተሰጠ ልጁ አፉ ይላጣል፣ ደሙ ይወርዳል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ የሳምንቱ ክኒን ለብቻው ዕቃ ይኑረው። ቀኑን ምረጡ፤ ዓርብ ካላችሁ ሁሌ ዓርብ። ግድግዳው ላይ ካላንደር ስቀሉና የተሰጠበትን ቀን አክብቡ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ክቡን ያያል።

የየቀኑስ አንዳንዴ ቢረሳ? አሜሪካ ውስጥ ስሚታ ባቲያና ባልደረቦቿ የብልቃጡ ክዳን በተከፈተ ቁጥር የሚመዘግብ መሣሪያ ለቤተሰቦች ሰጥተው ተከታተሉ። መርካፕቶፑሪኑን ከ100 ቀን ከ95 ባነሰ የወሰዱ ልጆች ላይ በሽታው ይበልጥ ይመለስ ነበር። 95 ማለት በወር ውስጥ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አለመርሳት ነው። እነዚህ ሁሉ ሪሚሽን ውስጥ የነበሩ፣ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች ናቸው። ሲታዩ ምንም የላቸውም።

ወላጅን ብቻ እየወቀስኩ እንዳይመስላችሁ። መድኃኒቱ ከሆስፒታል ፋርማሲ ሲጠፋ አይቻለሁ። ከባሌ ወይም ከወላይታ ተነስቶ፣ ትራንስፖርት ከፍሎ፣ ወረፋ ጠብቆ «የለም» የተባለ አባት አይቻለሁ። አጨዳ ደርሶበት፣ ሌሎቹን ልጆቹን ጎረቤት ጥሎ የመጣ ሰው ነው። ለእሱ «ለምን አቋረጥክ?» ማለት ይከብዳል። ግን ከማቋረጥ በፊት ንገሩን። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲና ተስፋ አዲስን የመሳሰሉ ድርጅቶች ማረፊያና ሌላ እገዛ ይሰጣሉ። ጅማ፣ ጎንደርና መቀሌም የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ስለተጀመረ፣ አዲስ አበባ መመላለስ ለሁሉም ግዴታ አይደለም። የት መከታተል እንደምትችሉ ጠይቁ።

ስለ ስለትም ላንሳ፤ ካላነሳሁት በኋላ ታነሱብኛላችሁ። ልጁ ተሻለው፣ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ እንሄዳለን፣ ተስለናል። ሌላው ደግሞ ሰደቃ አለብኝ፣ ሰፈሩን ሁሉ ጠርቻለሁ ይላል። ስለታችሁን አድርሱ። ጥያቄው መቼ ነው የሚለው ነው። ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ነጭ ደሙ በወረደበት ሳምንት በሺዎች መካከል ቢገፋ፣ ኩፍኝ ወይም ሌላ በሽታ ይዞ ይመለሳል። እኛ ጋ መጥታችሁ «በዚህ ቀን ይህ አለብን» በሉን። ደሙን አይተን እንነጋገራለን። አባት ስለቱን ያድርስ፣ ልጁ ቤት ይቆይ የሚባልበት ጊዜም አለ።

ጸበልም እንደዚያው ነው። በኤችአይቪ ጊዜ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ጥሎ ጸበል ሲገባ ነበር። አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻል በአደባባይ ተናገሩ። ለካንሰርም እኔ ከዚህ የተለየ ነገር አልልም። ቱቦ የገባለት ወይም ቁስል ያለው ልጅ ከሆነ ብቻ እንዳይረጥብ ንገሩን፣ እንሸፍንላችኋለን።

አንድ የማልደራደርበት ነገር አለ። ልጁ ሪሚሽን ውስጥም ሆኖ ኬሞ እስከወሰደ ድረስ፣ ትኩሳቱ 38 ከደረሰ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይምጣ። ፓራሲታሞል ሰጥታችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን።

አሁን ወደ ትልልቆቹ። እዚህ መካከል ራሳችሁ ታማሚ የሆናችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግሊቬክ የምትወስዱ ሰዎች የእናንተ ነገር ይለያል። ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ምክንያቱ በደንብ ይታወቃል። ፊላደልፊያ ውስጥ በ1960 እ.ኤ.አ. ኖዌልና ሀንገርፎርድ የተባሉ ተመራማሪዎች በሽተኞቹ ላይ አንድ አጭር ክሮሞሶም አዩ። ከዚያ ክሮሞሶም የሚወጣውን የተበላሸ ፕሮቲን የሚያግደው ግሊቬክ በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። እኛም አገር በማክስ ፋውንዴሽን በኩል በጥቁር አንበሳ በነፃ ሲታደል ቆይቷል። ይህ መድኃኒት ባይኖር ዛሬ ከእኛ ጋር የማይኖሩ ሰዎች አሉ።

እናንተ ጋ ሪሚሽን ደረጃ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሲቢሲው፣ ማለትም የደም ቆጠራው፣ ይስተካከላል፣ ጣፊያው ይመለሳል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በቃኝ» ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባለው፣ የቀረውን በሽታ መጠን የሚለካው ምርመራ አለ። 0.1 በመቶና ከዚያ በታች ሲወርድ ጥሩ ቦታ ደርሳችኋል ይባላል፤ ከዚያም ወደ 0.01 እና ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። ለቲቢ የምናውቀው ጂን ኤክስፐርት ማሽን ለዚህም የሚሆን ካርትሪጅ አለው። ቁጥራችሁን ያዙ። «ጥሩ ነው» ተብላችሁ አትውጡ፤ «ስንት ነው?» በሉ።

ማቆምስ ይቻላል? ለአንዳንዶች አዎ። ፈረንሳዮች ለዓመታት ምንም በሽታ ያልታየባቸውን 100 ሰዎች ግሊቬክ አስቁመው አይተዋል። ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት ሳይመለስባቸው ቆዩ። ለቀሩት የተመለሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ውስጥ ነው። መድኃኒቱን ሲጀምሩ ደግሞ እንደገና ወረደላቸው። ግን እነዚያ ሰዎች በየወሩ ይመረመሩ ነበር። ምርመራው በማይገኝበት ቦታ፣ ፌስቡክ ላይ አንብቦ በራስ ሥልጣን ማቆም ሌላ ነገር ነው። ሰውየው የሚያውቀው ጣፊያው ሲያብጥ ነው።

ሌሎች በሽታዎችም የየራሳቸው መስፈርት አላቸው። ፊቱና እግሩ የሚያብጥ የኩላሊት ችግር ያለበት ልጅ ሽንቱ ውስጥ ፕሮቲን ለ3 ተከታታይ ቀን ሲጠፋ ሪሚሽን ገባ ይባላል። ዓይነት ሁለት ስኳር ያለበት ሰው መድኃኒት ካቆመ ቢያንስ ከ3 ወር በኋላ ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው የስኳር ምርመራው ከ6.5 በመቶ በታች ከሆነ እንደዚያው። ስለዚህ «ጎረቤቴ ሪሚሽን ተብሎ መድኃኒት አቆመ» ብላችሁ አትምጡ። የጎረቤታችሁ በሽታ ሌላ ነው።

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። የታማሚዋ ወንድም ቢሮ ገብቶ በሩን ይዘጋና «እባካችሁ ለእሷ እንዳትነግሩ» ይላል። ከፍቅር ነው፣ ይገባኛል። እሷ የደም ማነስ እንዳለባት ታስባለች። ሪሚሽኑም የሚነገረው ለወንድሟ ነው። ከዚያ ደህና ስትሆን መድኃኒቱን ታቆማለች። ለምን አታቁም? ደም ማነሷ ተሻላት! የማያውቀውን በሽታ መድኃኒት ለዓመታት በየቀኑ የሚውጥ ሰው አላየሁም። 15 ዓመት የሞላው ልጅም እንዲሁ ነው። ከእናንተ ካልሰማ ከጎን አልጋ ይሰማል።

ሪሚሽን ውስጥ ያለ ቤተሰብ እንቅልፉ እንደማይመለስለትም አውቃለሁ። ልጁ ኳስ ሲጫወት እግሩ ቢበልዝ ልብ ይወድቃል። ማታ ተኝቶ አንገቱን የምትዳብሱ እናቶች አላችሁ። የቀጠሮ ዋዜማ ባልና ሚስት በትንሽ በትልቁ ይጣላሉ። ሰው ደግሞ «ተሻለው አይደል፣ ምን ትጨነቂያለሽ?» ይላል። እንደዚህ የሆናችሁት ስላበዳችሁ አይደለም። ሁሉም ወላጅ እንደዚህ ይሆናል። ከሌሎች ወላጆች ጋር ሻይ መጠጣት ከእኔ ምክር በላይ ሲረዳ አይቻለሁ።

መቼ ነው ድኗል የሚባለው? ለኤኤልኤል ሕክምናው ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ ክትትሉ ይቀጥላል፤ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ እየራቀ። ዓመታት ሲያልፉ የመመለስ ዕድሉ እየቀነሰ ይሄዳል፤ 5 ዓመት ገደማ ሲሞላ ሐኪሞች ያን ቃል ደፍረው ይናገራሉ። ቢመለስስ? ሁለተኛ ሪሚሽን አለ። ሕክምና ጨርሶ ብዙ ቆይቶ የተመለሰበት ልጅ፣ ኬሞ ላይ እያለ ከተመለሰበት ልጅ የተሻለ ዕድል አለው። ቶሎ ከመጣችሁ የምናደርገው ነገር አለ። አፍራችሁ እንዳትቀሩ፤ አቋርጦ የመጣ ቤተሰብ ላይ የሚጮህ ባለሙያ ካጋጠማችሁ እኔን ጥሩኝ።

የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ደግሞ ወረቀት ጠይቁ። ልጁ ምን ምን መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን እንደወሰደ የተጻፈበት ማጠቃለያ። ዶክሶሩቢሲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት ከዓመታት በኋላ ልብ ላይ ሊታይ የሚችል ጉዳት አለው። ልጁ አድጎ፣ ምናልባት ከአገር ወጥቶ፣ ሌላ ሐኪም ፊት ሲቀመጥ «ልጅ ሆኜ ታምሜ ነበር» ብቻ ቢል አይበቃም። ወረቀቱን ፎቶ አንሱትና ስልካችሁ ላይም፣ የአጎቱ ስልክ ላይም ይቀመጥ።

አሁን ጥያቄ። ማይክ አያስፈልግም፣ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ።